ዝሆንና ሰፍነግ ምንና ምን ናቸው?

በአገራችን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ማዕድ የቀረቡ እንደ ሆነ ጨዋታቸው ብዙ ሳይርቅ ዘር ወደ መቍጠር ይደርሳል። «የማን ልጅ ነህ? አያትህስ ማን ይባላሉ?» እየተባባሉ ጥቂት ቤት ወደ ኋላ ከተጓዙ በኋላ አንድ የጋራ ቅድመ አያት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ሁለቱ ሰዎች ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ባዕድነታቸው ይቀርና ዘመዳሞች ይሆናሉ። ጋብቻ የታሰበ ከሆነ ደግሞ ቈጠራው ይጠብቃል፤ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሳይቈጥሩ አይለቁም። ከሰባት ቤት የዘለለውን ዝምድና ግን ማንም አይጠይቀው፤ ተጋብተው ቢገኙም የሚነቅፍ የለም።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት በሰባተኛው ቤት ላይ አያቆሙም። እነርሱ የሚቈጥሩት ቤት ሳይሆን ዘመን ነው፤ ዘመኑም በመቶ ሚሊዮን ዓመት ይሰፈራል። በዚህ ቈጠራቸው በምድር ላይ ካሉት እንስሳት መካከል ዘመድ ያልሆነ የለም። እኛም ዛሬ አንባቢዎቻችንን ይዘን ወደዚሁ ቈጠራ ለመግባት ስላሰብን፣ ነገሩ ጐልቶ እንዲታይ በማለት ከእንስሳት ወገን እጅግ የማይመሳሰሉትን ሁለቱን መርጠናል። አንደኛው ዝሆን ነው፤ ሁለተኛው በባሕር ውስጥ የሚኖረው ሰፍነግ ነው። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።)

ሰፍነግን ብዙ ሰው የሚያውቀው በስሙ ብቻ ነው። ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግዕዝ የገባው ይህ ቃል በወንጌል ውስጥ በስቅለት ታሪክ ላይ ይገኛል፤ ሆምጣጤ ተነክሮበት በመቃ ጫፍ የቀረበው እርሱ ነው። ያ ሰፍነግ እንደ ዛሬው የሱቅ ስፖንጅ ከፋብሪካ የወጣ አልነበረም። በዚያ ዘመን በሜዲቴራኒያን ባሕር ዙሪያ ሰው ሁሉ ይገለገልበት የነበረው ሰፍነግ ከባሕር ወለል ተነቅሎ፣ ሥጋው እስኪለቅ ድረስ በስብሶ፣ ታሽቶና ታጥቦ የቀረ የአንድ እንስሳ አጥንት ነው። አጥንት ማለታችን በሰውነቱ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ለማመልከት ነው እንጂ ነገሩስ እንደ ቃጫ የተጠላለፈ ለስላሳ ጭረት ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን እናቁማቸው። ትልቅ ወንድ የአፍሪካ ዝሆን 6 ቶን ያህል ይመዝናል፤ ቁመቱም እስከ ትከሻው ከ3 ሜትር ያልፋል። እናቱ 22 ወር አርግዛ ትወልደዋለች፤ በተወለደበት ቀን 100 ኪሎ ያህል ይሆናል። ኩምቢው አንድም አጥንት የሌለበት ሲሆን፣ ዛፍ ይገነድስበታል፣ ከመሬት ላይ አንዲት ፍሬም ይለቅምበታል። አንጎሉ 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የሰው ጆሮ ሊሰማው በማይችል ወፍራም ድምፅ ከሩቅ ከዘመዶቹ ጋር ይነጋገራል። የሞተ ዝሆን አጥንት ባገኘ ጊዜ ቆም ብሎ በኩምቢው እየዳሰሰ ያሸተዋል፤ ይህንንም በአፍሪካ ዱሮች ብዙ ዓመት የቈዩ ተመልካቾች ደጋግመው ጽፈውታል።

ሰፍነግ በበኩሉ ራስ የለውም፤ ዐይን፣ ጆሮ፣ አፍ፣ ሆድ፣ ልብ፣ ጡንቻ የለውም፤ አንድም የነርቭ ክር አይገኝበትም። ግራው ከቀኙ፣ ፊቱ ከጀርባው አይለይም። ከዐለት ላይ ተጣብቆ ዕድሜውን በአንድ ስፍራ ይፈጽማል። እስከ ዛሬ ከ9,000 በላይ ዓይነቶቹ ተቈጥረዋል፤ አንዳንዱ እንደ ገንቦ፣ አንዳንዱ እንደ ቅርንጫፍ፣ አንዳንዱም ድንጋይ ላይ እንደ ፈሰሰ ቀለም ሆኖ ይታያል። አብዛኞቹ በባሕር ይኖራሉ፤ ጥቂቶች በወንዝና በሐይቅ ውስጥ ይገኛሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ፍጡር እንስሳ ብሎ መጥራት ለምን አስፈለገ? የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም፤ ከእርሱ በፊት ታላላቆቹ ሁሉ ተቸግረዋልና። አሪስቶትል ስለ ሰፍነግ ሲጽፍ፣ ነቃዩ እጁን ሲሰነዝርበት ይጨማደዳል የሚለውን ወሬ አስፍሮአል፤ ቢሆንም ከተክልና ከእንስሳ መካከል ባለው ወሰን ላይ አስቀመጠው። ከእርሱ በኋላ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ነገሩ በዚያው ቀረ። በ1765 ጆን ኤሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ሰፍነግ ውኃ ሲስብና ሲተፋ መመልከቱን አስታወቀ። ነገሩን የለየው ግን በኤዲንብራ ከተማ የነበረው ሐኪም ሮበርት ግራንት ነው።

ግራንት በ1825 እና በ1826 ከስኮትላንድ ጠረፍ ሕያው ሰፍነጎችን እየለቀመ ወደ ቤቱ ያመጣ ነበር። አንዱን በባሕር ውኃ ውስጥ አኑሮ በአጉሊ መነጽር ትኵር ብሎ ሲያየው፣ ከትልቁ ቀዳዳ ውኃ ሳያቋርጥ እንደ ምንጭ ሲፈልቅ፣ ጥቃቅን ጕድፍም አብሮ ሲወጣ ተመለከተ። ውኃው በየት ይገባል ብሎ ሲመረምር በጎንና በጎኑ ለዐይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች አገኘ። በ1836 ለወገኑ ሁሉ «ቀዳዳ ተሸካሚ» የሚል ትርጉም ያለው «ፖሪፌራ» የሚል ስም አወጣለት፤ ስሙም ዛሬ ይሠራበታል። በነዚያ ዓመታት በባሕር ዳር ከግራንት ጋር አብሮ ይለቅም የነበረ አንድ ወጣት ተማሪ ነበር፤ ስሙም ቻርልስ ዳርዊን ይባላል። የዝምድናውን ቈጠራ ኋላ ለዓለም ያስተማረው ይኸው ሰው መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ውኃውን የሚያንቀሳቅሰው ምንድን ነው ቢባል፣ በሰፍነጉ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ክፍሎች ግድግዳ ላይ የተደረደሩ ሕዋሳት ናቸው። እያንዳንዱ ሕዋስ በአናቱ ላይ እንደ ሸሚዝ አንገትጌ ያለ ክብ ነገር አለው፤ ከመካከሉም አንድ ጅራፍ ይወጣል። ጅራፉ ሳያቋርጥ ይወዛወዛል፤ ውኃው ይሳባል፤ በውኃው ውስጥ ያለው ረቂቅ ምግብ በአንገትጌው ላይ ይያዝና ሕዋሱ ይውጠዋል። በዚህ አኳኋን አንድ ሰፍነግ በቀን ከራሱ መጠን ብዙ ሺህ ጊዜ የሚበልጥ ውኃ ያጠልላል። ዝሆን ደሙን ወደ አካላቱ ሁሉ ለማድረስ ትልቅ ልብ ያስፈልገዋል፤ ሰፍነግ ግን ደሙ ባሕሩ ራሱ ነው።

ወደ ዘር ቈጠራው ስንመለስ ከቅርቡ መጀመር ይሻላል። ለዝሆን የቅርብ ዘመዱ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው ጕማሬ ወይም አውራሪስ ነው ማለቱ አይቀርም፤ ቆዳቸውና ግዝፈታቸው ይመሳሰላልና። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የዝሆን የሥጋ ዘመዱ በአገራችን ገደላ ገደል ዐለት ላይ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ሰው ያየ እንደ ሆነ እየጮኸ ወደ ስንጥቁ የሚገባው ሽኮኮ ነው። ከተሜው በዛፍ ላይ የሚዘለውንም እንስሳ ሽኮኮ ይለዋል፤ እኛ የምንለው የዐለቱን ነው። ሌሎቹ ዘመዶቹ ደግሞ ማናቲ የሚባለውና በቀይ ባሕር ጭምር የሚገኘው ዱጎንግ፣ ማለት የባሕር ላሞቹ ናቸው። ሽኮኮን ይዞ ከንፈሩን ገልጦ ያየ ሰው ሁለት ሹል ጥርሶች ያገኛል። እነዚህ እንደ ከርከሮ ክራንቻ ሳይሆኑ የፊት ጥርሶች ናቸው፤ የዝሆንም ጥርስ የምንለው እንዲሁ የፊት ጥርሱ አድጎ ነው። በኋላ የዘረ መል ምርመራ ሲመጣ ይኸው ዝምድና ተረጋገጠ። ሽኮኮና ዝሆን ከአንድ ቅድመ አያት ከተለያዩ ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖአቸዋል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ወደ ኋላ ስንሄድ የዝሆንና የሰው መለያያ ወደ 100 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። የዝሆንና የዓሣ ከ400 ሚሊዮን ይበልጣል። የዝሆንና የዝንብ ከ550 ሚሊዮን ያልፋል። ሰፍነግ የሚገኘው ከነዚህ ሁሉ ማዶ ነው፤ ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተጕዘን ነው የጋራ ቅድመ አያት የምናገኝለት። ስለዚህ ዝሆን ከሰፍነግ ይልቅ ለዝንብ ይቀርባል ማለት ነው። ሰፍነግም በበኩሉ ለዝሆን የሚቀርበውን ያህል ለሰውም ለዓሣም ለዝንብም ይቀርባል፤ እርሱ በተለየበት ዘመን ሰውም ዓሣም ዝንብም ገና አልነበሩምና። ከዚህ ሁሉ እኛን ያስደነቀን ሌላ ነው። ቈጠራውን ከእንስሳት ወገን አልፈን ብንቀጥለው፣ በክረምት የሚበቅለው እንጉዳይ ለዝሆን የሚቀርበው ከአጠገቡ ከበቀለው ሣር ይልቅ ነው። እንጉዳይን ከጎመን ጋር የሚቈጥር ባለወጥ ሁሉ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መታረም አለበት። ሰፍነግ የዝሆን ቅድመ አያት ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። የአጎትህ ልጅ አያትህ ሊሆን አይችልም። ዛሬ በባሕር ያለው ሰፍነግ ዝሆን የኖረውን ዘመን ያህል እርሱም ኖሮአል፤ ሁለቱም የአንድ ጥንታዊ ፍጡር ልጆች ሆነው በየበኩላቸው መንገድ መጡ እንጂ አንዱ ከሌላው አልወጣም። በሊቃውንት መካከል ያለው ክርክር ከቤተሰቡ መጀመሪያ የተገነጠለው ማን ነው የሚለው ነው። ለብዙ ዘመን መልሱ ሰፍነግ ነው ሲባል ቈየ። በ2008 ግን ቴኖፎር የሚባለው፣ ገላው እንደ ብርሌ የሚያሳልፈውና እንደ ሚዶ ጥርስ በተደረደሩ ጭረቶች የሚዋኘው የባሕር እንስሳ ቀድሞ ወጥቶአል የሚል ጽሑፍ ወጣ። በ2023 ደግሞ የክሮሞዞሞችን አሰላለፍ ያስተያዩ መርማሪዎች ይህንኑ ደገፉ። የሰፍነግ ወገኖችም እጃቸውን አልሰጡም፤ ሙግቱ ቀጥሎአል። የበኵር ልጅነት ክርክር መቼም ቶሎ አያልቅም።

አሁን ደግሞ ሁለቱ ምን ይካፈላሉ? ወደሚለው እንምጣ፤ ዘመድ ከሆኑ የቤተሰብ ምልክት ሊኖር ይገባልና።

ምልክቱ በመልክ ሳይሆን በሥራ አቀማመጥ ላይ ይታያል። በሰፍነግ ሕዋሳት አናት ላይ የሚወዛወዘውን ጅራፍ በኃይለኛ መነጽር አቋርጠው ቢያዩት፣ ዘጠኝ ጥንድ ረቂቅ ቱቦዎች በክብ ተደርድረው፣ ሁለት በመካከል ቆመው ይገኛሉ። በዝሆን የአየር ቧንቧ ውስጥ አቧራና አክታ የሚጠርጉት ጭረቶች አሠራራቸው ያው ዘጠኝና ሁለት ነው። የዝሆንን ቆዳና ጅማት የሚያጠነክረው ኮላጅን የሚባለው ነገርም በሰፍነግ ገላ ውስጥ ሕዋስን ከሕዋስ ያያይዛል። ሰፍነግም እንደ ዝሆን ከእንቍላልና ከወንድ ዘር ይፀነሳል፤ ጫጩቱም ጥቂት ሰዓት ወይም ጥቂት ቀን በውኃ ውስጥ ከዋኘ በኋላ ነው ስፍራ መርጦ የሚጣበቀው። እንግዲህ ዕድሜውን ሁሉ ቆሞ የሚኖረውም ልጅነት ነበረው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሄንሪ ቫን ፒተርስ ዊልሰን የተባለው አሜሪካዊ በ1907 ያወጣው ጽሑፍ ነው። ይህ ሰው አንድ ቀይ ሰፍነግ ይቈራርጥና ቀጭን የሐር ጨርቅ ላይ አድርጎ፣ ልክ እናቶቻችን ጠላ እንደሚያጠልሉት፣ በውኃ ውስጥ ጨምቆ ያጠልለዋል። ሰፍነጉ ሕዋስ ከሕዋስ ተለያይቶ እንደ ደፈረሰ ውኃ ወረደ። ዊልሰን ዝም ብሎ ጠበቀ። ሕዋሳቱ በዕቃው ወለል ላይ መዳህ ጀመሩ፤ ሲገናኙ ተጣበቁ፤ ክምር ሆኑ፤ ቀናት ሲያልፉ ቀዳዳውም ጅራፉም በየቦታው ተተክቶ ደኅና ሰፍነግ ሆነው ተገኙ። በኋላ የተደረጉ ፈተናዎች እንዳሳዩት፣ ሁለት ዓይነት ሰፍነግ ተጨምቆ ቢደባለቅ ሕዋሳቱ ብዙ ጊዜ ወገን ከወገኑ ይለያል።

በዝሆን ላይ ይህን ማድረግ እንደማይቻል ግልጽ ነው። ነገር ግን የዝሆን ሕዋስ ጎረቤቱን ለይቶ የሚጨብጥበት መሣሪያ ከሰፍነጉ ጋር የአንድ ወገን ሆኖ ተገኝቶአል። በ2010 በአውስትራልያ ታላቁ የባሕር ኮራል ላይ የሚኖር አምፊሜዶን የተባለ ሰፍነግ ዘረ መሉ በሙሉ ተነቦ ሲታተም፣ ሕዋሳትን የሚያጣብቁት፣ የሚያስታርቁት፣ ከመጠን በላይ እንዳይራቡ የሚቈጣጠሩት፣ ያረጀውንም እንዲሞት የሚያዝዙት ዘረ መሎች በብዛት ተገኙበት። ነርቭ የሌለው እንስሳ ነርቭ ከነርቭ የሚገናኝበትን መጋጠሚያ የሚሠሩትን ዘረ መሎች ብዙዎቹን ይዞአቸው ተገኘ። በ2020 ደግሞ ሌሎች መርማሪዎች ከዚሁ ሰፍነግ ዘረ መልን የሚያበራና የሚያጠፋ አንድ ቍራጭ ወስደው በዓሣ ፅንስ ውስጥ ቢያስገቡት፣ ቍራጩ የሰፍነግ መሆኑን ሳይረሳ አልቀረም መሰል፣ በዓሣው አካል ትክክለኛ ስፍራ ላይ ሥራውን ሠራ። ከ600 ሚሊዮን ዓመት በኋላ በአያቱ ቋንቋ ቢናገሩት የገባው ዘመድ ይሉአል ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ለመደነቂያ ብቻ ብለን አላመጣነውም። ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ በሽታ በዚህ ዝምድና ውስጥ ገብቶአል፤ እርሱም ነቀርሳ ነው።

ነቀርሳ ማለት በአጭሩ ከማኅበሩ ሕግ የወጣ ሕዋስ ነው። አንድ ሕዋስ ብቻውን የሚኖር ከሆነ የፈለገውን ያህል ቢራባ ወንጀል የለበትም። ብዙ ሕዋሳት በአንድ ገላ ውስጥ በማኅበር ሊኖሩ ከተስማሙ በኋላ ግን፣ ያለ ልክ የሚራባው ማኅበርተኞቹን ይገድላል። ስለዚህ ሕዋስ በማኅበር መኖር ከጀመረበት ዘመን ጀምሮ፣ ማለት ከዝሆንና ከሰፍነግ የጋራ አያት ዘመን ጀምሮ፣ ይህን አመፀኛ የሚይዝ ሕግ ማስፈለጉ አልቀረም።

ሪቻርድ ፒቶ የተባለ እንግሊዛዊ በ1977 አንድ እንቆቅልሽ አቀረበ። ሕዋስ በተራባ ቍጥር ስሕተት ሊገባበት የሚችል ከሆነ፣ ብዙ ሕዋስ ያለውና ብዙ ዘመን የሚኖረው እንስሳ በነቀርሳ ቶሎ ማለቅ ነበረበት። ሰው ከአይጥ እጅግ የሚበልጥ ሕዋስ እያለው፣ ዕድሜውም እጅግ እየረዘመ፣ በዚያው መጠን በነቀርሳ አይጠቃም፤ ለምን? የሚል ነው። በዚህ ሒሳብ ዝሆን አንድም ቀርቶ ባልተገኘ ነበር። በ2015 ጆሹዋ ሺፍማን የተባለው አሜሪካዊ የሕፃናት ነቀርሳ ሐኪምና ባልደረቦቹ ባወጡት ጽሑፍ፣ በነቀርሳ የሚሞተው ዝሆን ከመቶ 5 ያህል ብቻ እንደ ሆነ ገመቱ። ምክንያቱንም ሲፈልጉ ፒ53 ወደሚባለው ዘረ መል ደረሱ። ይህ ዘረ መል የሕዋስ ዘበኛ ነው፤ ሕዋሱ የተበላሸ እንደ ሆነ ሥራውን አቁሞ እንዲጠገን፣ መጠገን ካልተቻለም ራሱን እንዲያጠፋ ያዝዘዋል። ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወርሳል። ዝሆን ግን ከእናቱ 20፣ ከአባቱ 20 ይወርሳል። እርግጥ ብዙዎቹ ቅጂዎች ሙሉ አይደሉም፤ ቢሆንም በጨረር የተጐዳ የዝሆን ሕዋስ ከሰው ሕዋስ ይልቅ ፈጥኖ ራሱን ሲያጠፋ ታይቶአል። ከሰው መካከል ከሁለቱ አንዱ ተበላሽቶባቸው የሚወለዱ አሉ፤ የሺፍማን ሕመምተኞች እንዲህ ያሉ ልጆች ነበሩና፣ የዝሆኑ ነገር ለእርሱ የመጽሐፍ ጨዋታ አልነበረም።

የሰፍነግ ውለታ ደግሞ ከዚህ የቀደመ ነው። ቨርነር በርግማን የተባለ ኬሚስት ከፍሎሪዳ ጠረፍ ከተለቀመ ሰፍነግ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቁ ነገሮችን አውጥቶ በ1950 እና በ1951 አሳተመ። እነዚህ ነገሮች ዘረ መል የሚሠራባቸውን ጡቦች ይመስላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ስኳር ግን የተለየ ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ይህን አብነት ተከትለው ሳይታራቢን የሚባለውን መድኃኒት ሠሩ። አሠራሩ ለማስረዳት አይከብድም። የነቀርሳው ሕዋስ ለመራባት ሲጣደፍ ይህን ሐሰተኛ ጡብ እንደ ደኅናው ቈጥሮ በግንቡ ውስጥ ያስገባዋል፤ በላዩ ላይ ሌላ ጡብ ሊያርፍበት ስለማይችል ግንቡ በዚያው ይቆማል፤ ሕዋሱም ይሞታል። መድኃኒቱ በ1969 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዛሬም የደም ነቀርሳ የያዘው ሰው ከሚሰጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች አንዱ ይኸው ነው።

ሁለተኛም አለ። በ1986 የጃፓን ሊቃውንት ከአንድ ጥቁር ሰፍነግ ውስጥ ሃሊኮንድሪን የተባለ ኃይለኛ ነገር አገኙ። ችግሩ መጠኑ ነበር፤ 600 ኪሎ ሰፍነግ ተፈጭቶ የተገኘው በሚሊግራም የሚቈጠር ብቻ ሆነ። በዚህ ሒሳብ አንድ ሆስፒታል ለማዳረስ ባሕሩን ማራቈት ሊያስፈልግ ነበር። ዮሺቶ ኪሺ የሚባለው ጃፓናዊ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ1992 ነገሩን በላቦራቶሪ ሠርቶ አሳየ፤ ከዚያም ሥራ የተወለደው ኤሪቡሊን በ2010 ለጡት ነቀርሳ ተፈቀደ። ከዐለቱ መሸሽ የማይችል ፍጡር ጠላቱን የሚከላከለው በመርዝ ነው። ከሰፍነግ የምናገኘው መድኃኒት ብዛት ምክንያቱ ይኸው ይመስለናል፤ ጥርስ ቢኖረው ኖሮ ኬሚስትሪ ባልተማረም ነበር።

ታዲያ የሰው ልጅ ለነዚህ ሁለት ዘመዶቹ ምን ውለታ መለሰ ቢባል፣ አንዱን ለጥርሱ፣ ሌላውን ለቃጫው ሲል አሳደዳቸው። የአክሱም መንግሥት በአዱሊስ ወደብ ከሚልካቸው ሸቀጦች አንዱ የዝሆን ጥርስ እንደ ነበረ የጥንት መንገደኞች ጽፈዋል። የዝሆን ጥርስ የዓለም ንግድ በ1989 በተደረገው ስምምነት ቢታገድም አደኑ አልቆመም። በ18 የአፍሪካ አገሮች፣ አገራችንም ባለችበት፣ በአውሮፕላን የተደረገው ትልቁ የዝሆን ቈጠራ በ2016 ውጤቱ ሲወጣ 352,271 የሜዳ ዝሆኖች ተገኙ፤ በ2007 እና በ2014 መካከል ብቻ ሲሦው ያህል መጥፋቱም ተገለጠ። በኛ አገር በ1970 ለዝሆኖች ተብሎ የተከለለው የባቢሌ መጠለያ አለ፤ በማጎ፣ በጨበራ ጩርጩራና በቃፍታ ሽራሮ ፓርኮችም ዝሆን ይገኛል። በመጋቢት 2015 ደግሞ መንግሥት ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የያዘውን ከ6 ቶን በላይ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ በእሳት አቃጥሎአል። ያ ሁሉ ጥርስ በገበያ ዋጋው ቢተመን ስንት እንደሚያወጣ ያሰላ ሰው በጊዜው ብዙ ነበር፤ ስንት ዝሆን እንደሚሆን ያሰላ ግን ብዙ አልነበረም።

የሰፍነግ ታሪክም የዋህ አይደለም። የግሪክ ደሴቶች ጠላቂዎች ለብዙ ዘመን ድንጋይ ይዘው ራቍታቸውን እየጠለቁ ይለቅሙት ነበር። በ1860ዎቹ ዓመታት አየር በቱቦ የሚገባበት የመዳብ ቈብ ያለው ልብስ በመጣ ጊዜ ጥልቅ ወርደው ብዙ ሰዓት መቈየት ቻሉ። ከጥልቁ በድንገት ሲወጡ ግን በደማቸው ውስጥ የሟሟው አየር አረፋ እየሆነ ብዙዎቹን ገደለ፤ ብዙዎቹንም ሽባ አደረገ። የካሊምኖስ ደሴት ሰዎች ይህን ኀዘን እስከ ዛሬ በጭፈራቸው ያስታውሱታል። ሰፍነጉም በበኩሉ አላመለጠም። በ1938 እና በ1939 በባሃማስ አካባቢ ያለው ሰፍነግ በወረርሽኝ ዐለቀ፤ በ1986 በሜዲቴራኒያን ሌላ ወረርሽኝ ተነሣ። በ2022 በኒው ዚላንድ ፊዮርድላንድ በሚባለው ጠረፍ የባሕሩ ውኃ ከልኩ በላይ በመሞቁ ሚሊዮኖች ሰፍነጎች ቀለማቸውን ለቀው ነጥተው ታዩ።

ዕድሜያቸውም የሚያስተዛዝብ ነው። ዝሆን በዕድሜው ስድስት ጊዜ መንጋጋ ይቀይራል፤ ስድስተኛው አልቆ ያለቀ ጊዜ፣ ማለት ወደ 60 እና 70 ዓመት ግድም፣ ማኘክ አቅቶት ይሞታል። በጥልቅ ባሕር የሚኖረውና በአንድ ረጅም የመስተዋት ዘንግ ላይ የሚቆመው ሞኖራፊስ የተባለው ሰፍነግ ግን ዘንጉ እስከ 3 ሜትር ይረዝማል። በ2012 የታተመ አንድ ምርመራ፣ ከነዚህ ዘንጎች የአንዱን ዕድሜ ወደ 11,000 ዓመት አድርሶታል። ይህ ሰፍነግ ማደግ ሲጀምር የአክሱም ሐውልቶች ቀርተው የግብፅ ፒራሚዶች እንኳ አልታሰቡም ነበር።

ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራው ስፖንጅ የተፈጥሮውን ሰፍነግ ከገበያ እጅግ ገፍቶታል። ቢሆንም በሸክላ ሠሪዎች ዘንድ አሁንም የሚፈለግ አንድ የሜዲቴራኒያን ሰፍነግ አለ፤ ስስና ሰፊ ሆኖ፣ ዳር ዳሩ የተጠቀለለ ነው። ነጋዴዎቹ «የዝሆን ጆሮ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት መልኩን አይተው ነው እንጂ ዘር ቈጥረው አይደለም።